ሙቀትን ስለሚያወጣው መኪናና ስለ ኤሌክትሪክ መስመሩ ጥንቃቄ

ውኃ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ እንደሚወርድ፥ ሙቀትም በጠባዩ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። ውኃን ከጕድጓድ ለማውጣት ጕልበት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፥ ሙቀትንም ከቀዘቀዘው ስፍራ ወደ ሞቀው ለመውሰድ ሥራ ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራው መኪና የሙቀት ፓምፕ ይባላል። ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሊቅ ዊልያም ቶምሰን፥ እንዲህ ያለ መኪና ቤት ለማሞቅ እንደሚጠቅም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1852 ዓ.ም. አስረዳ።

በብርድ አገር ቤት ያሞቁበታል። በቦርከና ሸለቆ ባለችው በከሚሴና በዙሪያዋ ቆላ ግን ሙቀት ስለሚበዛ፥ ሕዝቡ የሚያውቀው መኪናውን በማቀዝቀዣ መልክ ነው። ፍሪጅም፥ የቤት አየር የሚያቀዘቅዘውም መኪና ሙቀትን ከውስጥ ወደ ውጭ ያወጣሉ። የፍሪጅ ጀርባ ሲዳስሱት የሚሞቀው ስለዚህ ነው።

መኪናው የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ ግን በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ አይታይም፥ አይሸትምም፤ ስለዚህ ሰው የሚጠነቀቀው በዓይኑ ሳይሆን በዕውቀቱ ነው። የሽቦው ልባስ በእርጅና ወይም በአይጥ ጥርስ ሲቈስል፥ ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናው ብረት ይተላለፋል። መኪናው ግን መሥራቱን ላያቋርጥ ይችላልና፥ ባለቤቱ ደኅና ይመስለዋል። ጫማ ያላደረገ ልጅ በእርጥብ ምድር ቆሞ በሩን ሲይዝ፥ ኤሌክትሪኩ በልጁ ሰውነት አልፎ ወደ ምድር ይወርዳል። 1 አምፔር በ1000 ቢከፈል ከዚያ 30 እጁ እንኳ ልብን ሊያውክ ይችላል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው ቢሉ፥ ሦስት ነው።

1ኛ፤ ግራውንድ የተባለው ሽቦ ነው። ይኸውም የመኪናውን ብረት በምድር ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋራ ያያይዛል፤ ልባሱም አረንጓዴና ቢጫ ነው። ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። በበጋ ምድር ሲደርቅ ኤሌክትሪክን ይከለክላል። ክልከላው 44 ኦም ቢሆን፥ 220 ቮልት ለ44 ሲካፈል 5 አምፔር ብቻ ያልፋል። በ16 አምፔር የሚቋረጥ ብሬከር በ5 አምፔር ስለማይቋረጥ፥ ብረቱ እንደ ተመረዘ ይቆያል።

2ኛ፤ ስለዚህ ወደ ምድር የሚያመልጠውን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ መቍረጫ ያስፈልጋል። ይህ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ያመዛዝናል፤ ልዩነቱ ያ ከ1000 30 እጅ ሲደርስ በቅጽበት ይቈርጣል። የመፈተኛ ቍልፉን በየጊዜው ተጭኖ መሞከር ይገባል።

3ኛ፤ የብቻ መስመር ነው። 1100 ዋት የሚወስድ ማቀዝቀዣ በ220 ቮልት 5 አምፔር ይስባል፤ ሞተሩ ሲነሣ ግን ለጥቂት ጊዜ የዚህን ብዙ እጥፍ ይስባል። 3520 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ይስባል። ሁለቱ በአንድ ቀጭን ሽቦ ቢሰቀሉ ሽቦው ይግላል፥ ቤትም ይቃጠላል። ለማቀዝቀዣው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ከ16 አምፔር ብሬከር ጋራ የተለመደ ነው፤ ለምጣዱ ከዚህ የወፈረ ሽቦ ለብቻው ይዘረጋል። ቫልቮላ ሲቃጠል በቦታው ወፍራም ሽቦ የሚያስር ሰው፥ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ከፍቶ እንደሚተኛ ነው።

ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው። እርሱም መስመሩን ዘግቶ፥ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በመፈተኛ አረጋግጦ ይጀምራል። ቆጣሪውን ግን ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኛ በቀር ማንም አይክፈተው።

ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ የሚደርስለት በእጁ አይንካው። አስቀድሞ ዋናውን ማጥፊያ ይዝጋ፤ ይህ ባይቻል በደረቅ ስፍራ ቆሞ በደረቅ እንጨት ያላቀው፤ እስትንፋሱ ቢቋረጥ ደረቱን እየተጫነ ሐኪም ያስጠራ።

በዞኑ ብዙ ሕፃናት በኦሮምኛ ስለሚማሩ፥ መምህሩ ይህን በዚያው ቋንቋ ያስረዳ፤ ሽማግሌዎችም ማቀዝቀዣ ለገዛ ጎረቤት፥ ከዋጋው አስቀድመው የግራውንዱን ነገር ይጠይቁት።

ጥያቄ፤ የመሬት ዘንግ እያለ ሌላ መቍረጫ የሚያስፈልገው ስለ ምንድን ነው? 2200 ዋት የሚወስድ መኪና በ220 ቮልት ስንት አምፔር ይስባል?