የጎበጠው መስመር፦ የስኳር በሽታ፣ ዓይንና የዕለት ኑሮ

ለረጅም ዓመታት ያስተማረ አንድ የሒሳብ መምህር እናስብ። አንድ ቀን ጠዋት በሰሌዳው ላይ ራሱ ያሰመረው ቀጥተኛ መስመር ጎብጦ ይታየዋል። ዓይኑን ያሻል፤ መነጽሩን ይወለውላል፤ መስመሩ ግን አይቃናም። ለማንም አይናገርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ተማሪዎቹ ይሆናሉ። መምህሩ ምናባዊ ቢሆንም ችግሩ የብዙ የስኳር ሕሙማን ነው። በዚህ ጽሑፍ ከመስመሩ መጉበጥ በስተጀርባ ያለውን ሳይንስና በኑሮ ላይ የሚያስከትለውን ጫና በአጭሩ እንመለከታለን።

ብርሃን የት ይሰናከላል?

የዓይን ብርሃን የማሰባሰብ ኃይል 60 ዳዮፕተር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የሚገኘው ኮርኒያ ከተባለው የፊት ሽፋን፣ ቀሪው ደግሞ ከሌንሱ ነው። ምስሉ የሚያርፈው ሬቲና በተባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው።

የስኳር በሽታ ይህን ሥርዓት በሁለት መንገድ ያውካል። አንደኛው ጊዜያዊ ነው። የደም ስኳር መጠን ሲዋዥቅ በሌንሱ ውስጥ ያለው የውኃ መጠን ይለወጣል፤ ብርሃን የመስበር አቅሙም አብሮ ይለወጣል። ስኳሩ ሳይረጋጋ መነጽር ያሠራ ሰው ከሳምንታት በኋላ መነጽሩ አልስማማ ቢለው የሚያስገርም አይደለም።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የሬቲናን ደቃቅ የደም ሥሮች ይጎዳል። ከሥሮቹ የሚያፈተልከው ፈሳሽ ማኩላ የተባለውን የጠራ እይታ ማዕከል ሲያሳብጠው ቀጥ ያለው ይጎብጣል፤ ፊደል ይደበዝዛል። ሥሮቹ ሲዘጉ ደግሞ ኦክስጅን ያጠረው ሬቲና አዳዲስ ሥሮች እንዲበቅሉ የሚያዝ ኬሚካዊ መልእክት ይልካል። አዲሶቹ ሥሮች ደካሞች በመሆናቸው በቀላሉ ይደማሉ፤ ሕመምተኛውም በድንገት የሸረሪት ድር የመሰለ ጥላ በፊቱ ሲንሳፈፍ ያያል።

የፊደል ሰሌዳ የማይለካው ጫና

በምርመራ ክፍል ፊደል መለየት የቻለ ሰው በመንገድ ላይ ሊቸገር ይችላል። የደረጃን ጠርዝ፣ የታክሲን ታፔላ፣ የብርን ኖት በደብዛዛ ብርሃን መለየት ያቅተዋል። ከሁሉ የሚከፋው ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በመርፌው ላይ ያሉትን የመለኪያ ጭረቶች ማንበብ ሲሳነው ነው፤ በሽታው መድኃኒቱን የሚለካበትን ዓይን ይነጥቀዋል።

የመንፈስ ጫናውም ቀላል አይደለም። እይታው ዛሬ ተሽሎ ነገ ስለሚብስ ቤተሰቡ «ትናንት ታይ አልነበረም እንዴ?» ይለዋል። ሸክም እንዳይሆን ይደብቃል። «ራሴን ባለመጠበቄ ነው» እያለም ይጸጸታል። ሆኖም በሽታው ከስኳሩ ጋር በኖሩበት ዘመን ርዝመት ጭምር የሚመጣ ስለሆነ ጥንቁቁንም ሊያገኘው ይችላል። ጸጸት ከሐኪም የሚያርቅ ከሆነ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

ብርሃን እንደ መድኃኒት

ቴዎዶር ማይማን በ1960 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሌዘር ከሠራ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መሣሪያው ለዓይን ሕክምና ዋለ። ጨረሩ ጥርት ባሉት ኮርኒያና ሌንስ ውስጥ አልፎ ከሬቲና ሥር ባለው ጥቁር ቀለም ይመጠጥና ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሬቲና ዳር በከፊል ሲተኮስ የኦክስጅን ፍላጎት ይቀንሳል፤ ደካሞቹ ሥሮችም ይከስማሉ። በ1976 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሕክምናው ከባድ የእይታ መጥፋትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዋጋው ግን አለ፤ የጎንና የሌሊት እይታ ሊቀንስ ይችላል። ዛሬ ኬሚካዊ መልእክቱን የሚገቱ፣ በዓይን ውስጥ የሚሰጡ መርፌዎችም አሉ።

ሌዘሩ በአመዛኙ ያለውን እይታ ያቆያል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። በሽታው ሲጀምር ሕመምም ሆነ ምልክት የለውም። ስለዚህ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በሽታው እንደታወቀ፣ ዓይነት አንድ ያለበት ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ሬቲናውን መመርመር ይገባዋል፤ ከዚያም ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ በየዓመቱ። መምህራችንም ዝም ማለት የነበረበት አይመስለንም። መስመሩ በጎበጠበት ቀን ቢናገር ኖሮ ጠመኔውን ለተማሪዎቹ ባላስረከበ ነበር።