ከጋፋት እስከ መቅደላ፦ የታሰሩ ሚሲዮናውያንና የጋይንት መንገድ (1863–1868)

መግቢያ

የእስር ቤት የወንጌል አገልግሎት ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው ነጻ የሆነ ሰባኪ ወደ እስረኛ መሄዱ ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በበጌምድር የታየው ግን ከዚህ የተለየ ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጡት ሰባኪዎች ራሳቸው እስረኞች ሆኑ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ እስራቱ በሚሲዮናውያኑ አገልግሎት ላይ ያመጣውን ለውጥ መመርመርና በጽሑፍ ታሪኩ ውስጥ ስማቸው ያልተመዘገበውን የአገሬውን እስረኞችና ባላገሮች ጉዳይ ማንሣት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሁለቱ ቡድኖች አመጣጥ

በ1855 ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ዮሐን ማርቲን ፍላድ በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት ተልከው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሰባኪ ይልቅ የእጅ ባለሙያ ይፈልጉ ስለነበር፣ ከ1856 ጀምሮ በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና የሠለጠኑ ሚሲዮናውያን ባለሙያዎች መግባት ጀመሩ። ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ጓደኞቹ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሰፈሩ። በ1860 ደግሞ ሄንሪ ስተርን ቤተ እስራኤልን ለመስበክ ከለንደን መጣ። ይሁን እንጂ የሚያምኑት ሁሉ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ግዴታ ተጥሎ ነበር። ስለዚህ ሚሲዮኑ የራሱን ቤተ ክርስቲያን ሳያቆም በዋናነት በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እደላና ንባብ ላይ ተመሠረተ።

በሰንሰለት የታሰረው ሰባኪ

በጥቅምት 1863 ስተርን ተደብድቦ ታሰረ፤ ሁለት አገልጋዮቹም በድብደባው ሞቱ። ቀደም ሲል ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የንጉሠ ነገሥቱን እናት ኮሶ ሻጭ ብሎ መጻፉ ክሱን አከበደበት። ባልደረባው ሮዘንታልም አብሮት ታሰረ። በ1864 መጀመሪያ ቆንስል ካሜሮን ተጨመረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ እስረኞቹ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በአምባው ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን መኳንንትና ጳጳሱ አቡነ ሰላማም ታስረው ነበር። አቡኑ በጥቅምት 1867 በዚያው ዐረፉ። ስተርን ግን እግረ ሙቅ ቢገባበትም ከጸሎትና ከመጽሐፍ አልተለየም፤ አደባባዩ ቢጠፋበትም ተልእኮው አብሮት ነበር።

ሰንሰለት የሌለው እስረኛ

የጋፋት ባለሙያዎች ዕጣ ከዚህ ተቃራኒ ሆነ። ለረጅም ጊዜ እግረ ሙቅ አልገባባቸውም፤ ቤትና ደመወዝ ነበራቸው። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። ከሥራቸው ሁሉ ታላቁ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነበር። በ1867 ባለሙያዎቹ ከጋፋት ተነሥተው በደብረ ታቦር በጥበቃ ሥር ዋሉ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ባለሙያዎቹን ከመድፉ ጋር ይዘዋቸው ሄዱ። ጉዞው በላይ ጋይንት አልፎ የጨጨሆን ገደል በመቁረጥ በቤተ ሖር፣ በዋድላና በደላንታ በኩል ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ድንጋይ እየተፈለጠ መንገድ ይወጣ፣ መድፉም በሰው ጉልበት ይጎተት ነበር። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ሰዎች በጋይንት ገደል ላይ የመድፍ ጎታቾች አለቆች ሆኑ።

ከዚህ ንጽጽር የሚገኘው ፍሬ ነገር ግልጽ ነው። ስተርን እጅና እግሩ ቢታሰርም የመጣበትን ሥራ አልተነጠቀም፤ ባለሙያዎቹ እየተንቀሳቀሱ የመጡበትን ሥራ አጡ። የእስር ቤት አገልግሎት ጥናት የሰንሰለቱን መኖር ብቻ ሳይሆን ሰውየው ምን እንዲሠራ እንደተገደደ ጭምር መጠየቅ አለበት።

ያልተጻፉት እስረኞች

ሚያዝያ 9 ቀን 1868 በጸሎተ ሐሙስ በርካታ የአገሬው እስረኞች ከመቅደላ ሥር በእስላምጌ ተገደሉ። አውሮፓውያኑ በ11 እና በ12 ተለቀቁ፤ በ13 ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። ከዚያ በኋላ ስተርን፣ ራሳም፣ ብላንክና ቫልድማየር እያንዳንዳቸው የእስራታቸውን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። ገደል የተጣሉት ሰዎችና መንገዱን የቆፈሩት ባላገሮች ግን በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር እንጂ በስም አይታወቁም።

ማጠቃለያ

ቫልድማየር በኋላ በሊባኖስ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሥርቷል፤ ስለዚህ እርሱ ራሱ ያጣውን አገልግሎት በሌላ አገር መልሶ አግኝቷል። መንገዱን የከፈሉት ሰዎች ልጆች ግን ዛሬም በዚያው ይኖራሉ። በንፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ አካባቢ የሚገኙ ሽማግሌዎችና የደብር አለቆች የሚያውቁት የዘር ሐረግ፣ የቦታ ስምና ትውፊት ሳይጠፋ ሊሰበሰብ ይገባል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተመራማሪ የእስረኛውን መጽሐፍ ካነበበ በኋላ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት መጽሐፍ ያልጻፈው እስረኛ ማን ነበር የሚለውን ነው።