ፊትና ኋላ ስለሚባሉ ቃላት ትርጓሜ

እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ «ባክ» የሚለውን ቃል ባገኘ ጊዜ አንድ ቃል ብዙ ሥራ ሲሠራ ያያል። የሰው ጀርባ «ባክ» ነው፤ ወደ ኋላ ማለትም «ባክ» ነው፤ ሰው ወደ መጣበት ሲመለስም ይኸው ቃል ይነገራል። አማርኛ ግን ጀርባ፣ ኋላ፣ መመለስ ብሎ ሦስቱን ይለያቸዋል። ነገር ግን ኋላን ከጓደኛው ከፊት ጋራ ለስፍራም ለዘመንም ስለሚያውለው፣ ተማሪ በዚህ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

«በፊት» ያለፈውን ዘመን ያመለክታል፤ «ወደ ፊት» ግን ገና የሚመጣውን። «በኋላ» የሚመጣውን ያመለክታል፤ «ወደ ኋላ» ግን ያለፈውን። ቃሉ ሳይለወጥ፣ ከላዩ የገባው «በ» ወይም «ወደ» ትርጓሜውን ይገለብጠዋል።

የዚህም ነገር በኹለት ምሳሌ ይታወቃል።

1ኛ፤ በብስራተ ገብርኤል ሰፈር ለጥምቀት ታቦት ሲወጣ ከሕዝቡ ፊት የሚሄዱት በፊት ይደርሳሉ፤ ኋላ የሚከተሉትም በኋላ ይደርሳሉ። በጥንቱም ጦር ፊታውራሪ ቀድሞ ይሄድ ነበር፤ ደጀን ኋላ ይጠብቅ ነበር። እንዲሁም ቀድሞ የሆነው ነገር «በፊት»፣ ተከትሎ የሚሆነው «በኋላ» ተባለ።

2ኛ፤ ብቻውን የሚሄድ መንገደኛ ያልደረሰበት አገር ከፊቱ ነው፤ ያለፈው አገር ከኋላው ነው። ስለዚህ የሚመጣው ዘመን «ወደ ፊት»፣ ያለፈው ዘመን «ወደ ኋላ» ተባለ።

ይህን አለመለየት ጉዳት ያመጣል። ለኅዳር 15 ቀን የተቀጠረ ባለጉዳይ «ቀጠሮህ በ5 ቀን ወደ ኋላ ተዛውሯል» የሚል ወረቀት ቢደርሰው፣ አንዱ አንባቢ ኅዳር 10 ቀን ነው ይለዋል፤ ሌላው ኅዳር 20 ቀን ነው ይለዋል። ነገሩ በ10 ታይቶ እርሱ በ20 ቢመጣ፣ ሙግቱ በሌለበት ተፈርዶ ያገኘዋል። ስለዚህ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ወሩንና ቀኑን ለይቶ ይጻፍ፤ ወረቀቱ የደረሰውም ሰው ካልተገለጠለት ቀኑ ሳያልፍ ሄዶ ይጠይቅ።

መልመጃ
1. «ከፋሲካ በፊት» እና «ከፋሲካ በኋላ» በሚሉት ቃላት ኹለት ዐረፍተ ነገር ጻፍ።
2. «ወደ ፊት እማራለሁ» ያለ ልጅ ስለ የትኛው ዘመን ተናገረ?
3. ከላይ ያለውን የቀጠሮ ወረቀት ኹሉም አንድ አድርጎ እንዲረዳው አስተካክለህ ጻፍ።