ያለ ስልክ የተዋለ ጥምቀት

ልጆች ሆይ፤ በአገራችን ከሚከበሩት የአደባባይ በዓላት መካከል እንደ ጥምቀት ሕዝቡን ሁሉ ከቤቱ የሚያወጣ ጥቂት ነው። ሽማግሌው ምርኩዙን ይዞ፥ እናት ሕፃኗን አዝላ፥ ወጣቱም ያለውን መልካም ልብስ ለብሶ ወደ ሜዳ ይወጣል። አባቶቻችን «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ማለታቸው ስለዚህ ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት ይህን በዓል የሰው ልጅ ሁሉ ቅርስ ነው ብሎ በመዝገቡ ጻፈው።

የዋዜማው ቀን «ከተራ» ይባላል። ይህ ስም «ከተረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ከተረ ማለት ውኃን ገደበ፥ እንዳይፈስ አቆመ ማለት ነው። ወንዙ ትንሽ በሆነበት አገር ሰዎቹ ድንጋይና ጭቃ እየደለደሉ ውኃውን አስቀድመው ያጠራቅሙታልና። በጎንደር ግን ይህን ድካም የቀደሙት ሰዎች ደክመውልን አልፈዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ በአፄ ፋሲል ስም የሚጠራ ታላቅ የድንጋይ ገንዳ አለ። አፄ ፋሲል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1632 እስከ 1667 የነገሡ ንጉሥ ናቸው። በገንዳው ውስጥ ባለ ፎቅ ግንብ ቆሞአል። የጥምቀት ሰሞን ሲቃረብ ውኃው ከቀሐ ወንዝ በቦይ እየተመራ ይመጣና ገንዳውን ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ ግንቡ በባሕር መካከል እንዳለ ቤት ሆኖ ይታያል። በዙሪያው ያለውን የድንጋይ አጥር ያረጁ ዛፎች ሥራቸውን እንደ እባብ እያጠማዘዙ አቅፈው ይዘውታል። በልጅነቱ ያን ሥር ያየ ሰው እስኪያረጅ ድረስ አይረሳውም።

በ2017 ዓ.ም. ከተራ ቅዳሜ፥ ጥምቀትም እሑድ ዋለ። በዚያ ዓመት አንድ የእህል ነጋዴ የአሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጁንና የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁን ይዞ፥ በዓሉን ከእናቱ ጋር ሊውል ወደ ጎንደር መጣ። የልጆቹ አያት ዓይናቸው ከደከመ ቆይቶ ነበር። ብርሃንን ከጨለማ ይለያሉ፥ የሰውን ፊት ግን አይለዩም። ጉልበታቸውም ስለ ከዳቸው ከሕዝቡ መካከል ገብተው መቆም አይችሉም። ስለዚህ ታቦታቱ በሚያልፉበት ጊዜ ከደጃፋቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ድምፁን ብቻ ይሰሙ ነበር።

ዓርብ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ልጁ የአባቱን ስልክ አንሥቶ፥ «እማማ፥ ነገ የሚሆነውን ሁሉ በዚህ አንሥቼ አመጣልዎታለሁ፤ እዚሁ ቁጭ ብለው ያዩታል» አላቸው። አያቱም ስልኩን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉትና እንዲህ አሉ፦ «የኔ ልጅ፥ ይህ ለእኔ ድንጋይ ነው። መስተዋቱ ሲበራ ይታየኛል፥ በውስጡ ያለው ግን አይታየኝም። እኔ የምሻው አንተ አይተህ እንድትነግረኝ ነው።» ቀጥለውም ወደ ልጃቸው ዞረው፥ «አንተም እነዚህን ሁለት ቀኖች ለእኔ ስጠኝ፤ ከመጣህ ጀምሮ ከዚህ ዕቃ ጋር ስትነጋገር እንጂ ከእኔ ጋር ስትነጋገር አልሰማሁህም» አሉት።

ነጋዴው በዚህ ጊዜ ተጨነቀ። ሃምሳ ኩንታል ጤፍ በመጋዘን ነበረው፤ አንድ ገዢም በነዚያ በሁለቱ ቀኖች እደውልልሃለሁ ብሎት ነበርና። እንቢ እንዳይል የእናቱ ነገር ከበደው፤ እሺ እንዳይልም ጤፉ ታሰበው። ብዙ ዝም ካለ በኋላ ስልኩን ከእናቱ ሣጥን ውስጥ አኖረው። እርሳቸውም ሣጥኑን ቆለፉና ቍልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ታናሽቱ ልጅ ግን፥ «ከሰው መካከል ብጠፋስ አባዬን በምን ይጠሩልኛል?» ብላ ፈራች። ፍርሃቷ ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን፥ ልጆች፥ ይህን እወቁ፤ እጅግ ብዙ ሰው በአንድ ስፍራ በተሰበሰበ ጊዜ ስልክ ራሱ ብዙ ጊዜ አይታመንም። የስልክ ማማ በአንድ ጊዜ ሊያስተናግድ የሚችለው የጥሪ ብዛት የተወሰነ ነውና፥ ሁሉም በአንድነት ሲደውል መሥመሩ ይጨናነቃል። አያትየው ይህን የማማውን ነገር አያውቁም ነበር፤ የሰጡት ምክር ግን ከማማው የጸና ነበር። ከገንዳው አጥር ውጭ ሥሩ ድንጋዩን ስለ ሰነጠቀው አንድ ዛፍ ነገሯት። «የጠፋ ሰው ወደዚያ ይሂድ፤ ከደረሰም በኋላ ወዲያና ወዲህ አይበል፥ አንድ ስፍራ ይቁም፤ የቀሩት ይመጡለታል» አሉ። የአባቷን ስምና የቤቱን ሠፈር በወረቀት አስጽፈው በቀሚሷ ኪስ ከተቱላት። ደግሞም በእንጨት በተሠራ መደብ ላይ ማንም እንዳይወጣ አጥብቀው አስጠነቀቁ፤ በ2012 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ በጥምቀት ቀን የእንጨት መቀመጫ ተንዶ ሰዎች ሞተዋልና።

በማግሥቱ ከተራ ሆነ። ታቦታቱ በግምጃ ተሸፍነው በካህናቱ ራስ ላይ ሆነው ወጡ፤ መዘምራኑ ነጭ ለብሰው በመቋሚያና በጸናጽል፥ ከበሮውም እየተመታ፥ ሴቶቹም እልል እያሉ ወደ ገንዳው ወረዱ። ልጁ እጁ መላልሶ ወደ ባዶው ኪሱ ይሄድ ነበር። ፎቶግራፍ የሚያነሡትን ሰዎች እያየ ይቀና ስለ ነበረ፥ ከሰልፉ ይልቅ የሰዎቹን ስልክ ሲመለከት ዋለ።

ማታ ወደ ቤት በተመለሱ ጊዜ አያቱ፥ «በል እንግዲህ ንገረኝ። የመጀመሪያው ጥላ መልኩ ምን ነበር? ከታቦቱ ፊት የሄደውስ ማን ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁም፥ «ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ ጥላውም ብዙ ነበር» አለ። ሌላ የሚለው ጠፋው። እኅቱ ግን፥ «መጀመሪያ የመጣው ጥላ ቀይ ነው፤ ዘርፉም የወርቅ መልክ አለው። ከፊት ቃጭል የያዘ ትንሽ ዲያቆን ነበረ፤ ቀኝ እጁ ሲደክመው ወደ ግራው ያዛውረዋል፤ በግራው ሲመታ ግን ድምፁ ይሰንፋል» ብላ ተናገረች። አያትየውም እጅግ ሳቁ። «አዎን፥ ድምፁ ሲሰንፍ ከዚህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ምክንያቱን ነው ያላወቅሁት» አሉ።

ይህን ልጅ ሰነፍ ነው አልልም። ነገሩ በዕቃ ውስጥ ይቀመጥልኛል ብሎ የለመደ ሰው፥ ራሱ ለመያዝ አይተጋም፤ ዓይንም እንደ እጅ ሥራን ካልለመደ ይዝላል። ልጁ በዚያች ሌሊት ብዙ አልተኛም።

እሑድ ሳይነጋ ጋቢ ተከናንበው ወጡ። የጥር ብርድ ጠንካራ ነው። በገንዳው ዙሪያ ጧፍ የያዙ ሰዎች ቆመው ነበር፤ የእያንዳንዱም ጧፍ በውኃው ላይ ሁለት ሆኖ ይታይ ነበር። ጸሎቱ ረዥም ነው፤ የልጆችም እግር ይደክማል፤ ይህን አልሸሽጋችሁም። ከነጋ በኋላ ጳጳሱ ውኃውን በመስቀል ባረኩ፤ ውኃውም በሕዝቡ ላይ ተረጨ። ወዲያው ወጣቶቹ ከአጥሩ ጫፍ እየዘለሉ ወደ ገንዳው ገቡ፤ ጩኸትና ደስታ ሆነ፤ ሰውም ወደ ፊት ተገፋፋ።

በዚህ ግፊያ መካከል ታናሽቱ ልጅ የአባቷን እጅ ለቀቀች። አባትየው ዞር ቢል የለችም። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ስልኩ በሣጥን መኖሩን አሰበና ላብ አጠመቀው። በአጠገቡ የቆመ አንድ ሰውም ወንድሙን ሊጠራ ደጋግሞ ሲደውል መሥመር አላገኘም። በዚያን ጊዜ ልጁ፥ «አባዬ፥ ዛፉ!» አለ። ሕዝቡን እየሰነጠቁ ሄዱ። ከአጥሩ ውጭ ሥሩ ድንጋዩን በሰነጠቀው ዛፍ ሥር ሲደርሱ ልጅቱ እዚያ ቆማ ነበር። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፥ ከስፍራዋ ግን አልተነቃነቀችም። አንዲት የማያውቋት ባልቴት ቆሎ ሰጥተዋት እጇ ሙሉ ነበረ፤ አንዲት ፍሬ እንኳ አልበላችም።

በዚያ ማታ ልጁ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ። ስለ ጧፎቹ፥ ስለ ብርዱ፥ በፀሐይ መውጫ ጊዜ የሰዎቹ ነጠላ እንዴት እንደ ቀላ፥ ስለ ባልቴቷም ቆሎ ነገራቸው። በመጨረሻም፥ «እማማ፥ ሰዎቹ ሳይገቡ ውኃው ጸጥ ብሎ ነበርና ግንቡ ተገልብጦ በውኃው ውስጥ ይታይ ነበር፤ መስኮቱ እንኳ ይቈጠር ነበር። የፊተኛው ሰው ሲዘል ግን ግንቡ ተሰባበረ» አለ።

አያቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «ልጅ ሳለሁ አባቴ በትከሻው ተሸክሞኝ እኔም ሲሰበር አይቼዋለሁ። በኋላ ደግሞ እስኪጋጠም ድረስ ቆይተህ ነበርን?» ብለው ጠየቁት። ልጁም፥ «አልቆየሁም፤ እኅቴን ልንፈልግ ሄድን» አለ።

ሰኞ ጧት ሣጥኑ ተከፈተ። የጤፉ ገዢ አራት ጊዜ ደውሎ ኖሮአል፤ መልስ ባጣ ጊዜም ከሌላ ነጋዴ ገዝቶ ሄዶአል። ነጋዴው ይህን በሰማ ጊዜ ፊቱ ጠቆረ፤ ሌላ ገዢ ሊፈልግም ከደጃፉ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ መደወል ጀመረ። ያ ቀን የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ የሚመለስበት ጥር 12 ነበረ። አያትየው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጁም በአጠገባቸው ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ በየተራው ይነግራቸው ነበር።

እናትየውም እጃቸውን ወደ ነጋዴው አነሡና፥ «ልጄ፥ ቀስ ብለህ ተናገር፤ ይህ ልጅ የሚለው እንዳያመልጠኝ» አሉት።