ደንበኛ ሲጮህ ነጋዴ የትኛውን ይስማ?

ከእጅ ስልክ ስክሪን ለውጥ የተገኘ የገበያ ትምህርት

የአንድ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ባለቤት በአንድ ሌሊት ስኳሩን ወደ ሳሙናው መደርደሪያ፣ ሳሙናውን ወደ ዘይቱ፣ ዘይቱን ደግሞ ወደ ጓዳ ቢያዛውር በማግስቱ የሚሰበስበው ወቀሳ ነው። ሱቁ ቢሰፋም፣ ቀለም ቢቀባም፣ መብራት ቢጨመርም ደንበኛው አስቀድሞ የሚታየው የለመደው ዕቃ ከለመደበት ቦታ መጥፋቱ ነው። ነገሩ በአንድ ሱቅ ሲደርስ ጣጣው ከሰፈር አያልፍም። በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ስልኮች ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲደርስ ግን የቢሊዮን ዶላር ጉዳይ ይሆናል።

ስልክን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ምስሎች፣ ፊደሎች፣ ቁልፎችና አቀማመጣቸው የዚሁ ፕሮግራም ገጽታ ናቸው። ዛሬ የዓለምን የስልክ ገበያ በአብዛኛው የተከፋፈሉት የጉግሉ አንድሮይድና የአፕሉ አይ.ኦ.ኤስ. ሲሆኑ ሁለቱም ገጽታቸውን በየጥቂት ዓመቱ ይለውጣሉ። በለወጡ ቁጥርም ተጠቃሚው ይጮኻል። የጩኸቱ መነሣት እንግዳ ነገር አይደለም። ለገበያ ሰው ቁም ነገሩ ከጩኸቱ ውስጥ የትኛው በራሱ ጊዜ እንደሚበርድ፣ የትኛው ደግሞ ካልታረመ ደንበኛ ይዞ እንደሚሄድ መለየቱ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ2013ቱ ለውጥ

አፕል በ2007 አይፎንን ለገበያ ካቀረበ በኋላ የስልኩን ገጽታ በእጅ የሚዳሰሱ ዕቃዎችን አስመስሎ ነበር የሠራው። የማስታወሻው ገጽ መስመር ያለው ቢጫ ወረቀት ይመስል ነበር። ኋላ ላይ የመጣው የመጻሕፍት ክፍል የእንጨት መደርደሪያ፣ የጨዋታው ክፍል ደግሞ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ሆኖ ቀረበ። ስክሪን በጣት መንካት ያልለመደ ሰው ምኑ ምን እንደሆነ ሳይነገረው እንዲያውቅ የሚረዳ ዘዴ ነበር።

በኦክቶበር 2012 የአይ.ኦ.ኤስ. ኃላፊ የነበሩት ስኮት ፎርስታል ከኩባንያው እንደሚለቁ ተገለጸና የገጽታው ሥራ ለንድፍ ኃላፊው ለጆኒ አይቭ ተሰጠ። ጁን 10 ቀን 2013 ሰባተኛው አይ.ኦ.ኤስ. ሲቀርብ እንጨቱም ጨርቁም ጠፍቶ ሁሉም ጠፍጣፋና ደማቅ ቀለም ሆኗል። ፊደሎቹ ቀጥነዋል። ቁልፎቹ ዙሪያቸው የነበረው መስመር ተነሥቶ ባዶ ቃል ብቻ ቀርተዋል። አፕሊኬሽን ሲከፈትና ሲዘጋም ስክሪኑ ወደ ፊት የሚሮጥና ወደ ኋላ የሚሸሽ ይመስል ነበር።

ፕሮግራሙ ሴፕቴምበር 18 ለሕዝብ ተለቀቀ። አፕል ከአምስት ቀናት በኋላ ባወጣው መግለጫ ከ200 ሚሊዮን በላይ መሣሪያዎች አዲሱን ፕሮግራም መጫናቸውንና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 9 ሚሊዮን አዳዲስ አይፎኖች መሸጣቸውን አስታወቀ። በዚያው ሰሞን ተቃውሞውም በረታ። አንዳንዱ «የልጆች መጫወቻ አስመሰሉት» አለ። አንዳንዱ ፊደሉን ማንበብ እንዳቃተው ተናገረ። አንዳንዱ የትኛው ቃል ቁልፍ፣ የትኛው ተራ ጽሑፍ እንደሆነ መለየት አልቻለም። የስክሪኑ እንቅስቃሴ ራስ ያዞረበትና ያቅለሸለሸውም ጥቂት አልነበረም።

በዚህ ቦታ የገበያ ሰው የ200 ሚሊዮኑን ቁጥር እንዴት ማንበብ እንዳለበት ማሰብ ይገባዋል። ቁጥሩ ብዙ ሰው መጫኑን እንጂ ብዙ ሰው መውደዱን አይናገርም። አዲሱን የጫነ ሰው ወደ ስድስተኛው ልመለስ ቢል ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ መንገዱን ዘግቶት ነበር። መውጫ በሌለው ቤት የገባን ሰው ቆጥሮ «ቤቱን ወደደው» ማለት አይቻልም።

ሁለት ዓይነት ጩኸት

የተቃውሞው ቃላት ሲደመሩ አንድ ይመስላሉ። ሲበተኑ ግን ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው የልማድ ጩኸት ነው። ሰው ያጣው ነገር ካገኘው ይልቅ ይከነክነዋል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ኪሣራን ከተመጣጣኝ ትርፍ አብልጠው እንደሚመዝኑ አሳይተዋል። ካህነማን በዚህ ዘርፍ ሥራቸው በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። መቶ ብር የጠፋበት ነጋዴ መቶ ብር ካተረፈበት ቀን ይልቅ የጠፋበትን ቀን እንደሚያስታውስ ሁሉ፣ የስልክ ተጠቃሚም ጣቱ የለመደው መንገድ ሲጠፋ የተጨመረለትን አይቆጥርም። ይህ ጩኸት በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ ጣት አዲሱን መንገድ ሲለምድ ይበርዳል።

ሁለተኛው የጉዳት ጩኸት ነው። ዓይኑ ማንበብ ያልቻለ፣ ራሱ የዞረበት፣ ቁልፉን የሳተ ሰው በመልመድ አይድንም። በመጀመሪያው ሳምንት ያለውን በስድስተኛው ወርም ይለዋል። የዚህ ሰው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ያነሰ ነው። ሆኖም ጥሎ የሚሄደው እሱ ነው።

አፕል በ2013 ያደረገው ሁለቱን መለየት ነበር። የቀጠነው ፊደል ገና በሙከራው ጊዜ ወፈር ተደረገ። ኦክቶበር 22 ቀን 2013 በወጣው እርማት ራሱ የሚዞርበት ሰው የስክሪኑን ሩጫ የሚያስቀርበት ምርጫ ተሰጠው። ማርች 10 ቀን 2014 በወጣው ሌላ እርማት ደግሞ ለቁልፎች ቅርጽ የሚሰጥ ምርጫ ተጨመረ። እንጨቱና ቢጫው ወረቀት ግን አልተመለሱም። ኩባንያው ጉዳቱን አርሞ የልማዱን ጩኸት ጊዜ እንዲያበርደው ተወው። እስከ ዲሴምበር 2013 መጨረሻ በነበሩት ሦስት ወራት 51 ሚሊዮን አይፎኖች ሸጧል። ይህም በዚያን ጊዜ ለኩባንያው ክብረ ወሰን ነበር።

የለውጡን ዋጋ የከፈለው ግን ኩባንያው ብቻ አልነበረም። ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ለአፕል መደብር የሚቀርብ ማንኛውም አፕሊኬሽን ለአዲሱ ፕሮግራም እንዲስማማ ተደርጎ እንዲሠራ ታዘዘ። ትልቁ ሲለወጥ በሥሩ የሚነግዱት ትንንሾች ሁሉ ከኪሳቸው አውጥተው አብረው ይለወጣሉ። በሌላው መድረክ ላይ የሚነግድ ሰው ይህንን ወጪ አስቀድሞ በሒሳቡ ሊይዘው ይገባል።

ሙገሳም ሽያጭ አይደለም

የማይክሮሶፍት ታሪክ ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። በ2010 መጨረሻ የወጣው ዊንዶውስ ፎን ከተለመደው የትንንሽ ምስሎች ድርድር ወጥቶ ሰፋፊ ባለቀለም ሰሌዳዎችን ይዞ መጣ። የንድፍ ባለሙያዎች አደነቁት፤ የያዙትም ወደዱት። ነገር ግን የሚይዘው ሰው ጥቂት ነበር። ደንበኛው የሚፈልጋቸው ብዙ አፕሊኬሽኖች አልተሠሩለትም፤ ሠሪዎቹም ደንበኛ ስለሌለ አልሠሩለትም። ገጽታው ያማረ፣ ዕቃ የሌለው ሱቅ ሆነ። ማይክሮሶፍት የኖኪያን የስልክ ክፍል ገዝቶ በኤፕሪል 2014 ተረከበ፤ በጁላይ 2015 ደግሞ ከዚሁ ግዢ ጋር በተያያዘ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከሒሳቡ ላይ በኪሣራ ሠረዘ። ይህንን ኪሣራ ያመጣው የገጽታው መጥፎነት አልነበረም። የገጽታው ማማርም አላዳነውም። ወድጄዋለሁ ያለ ሰው ሁሉ ገዢ አይደለም።

ኩባንያው ያንኑ ባለሰሌዳ ገጽታ ኦክቶበር 26 ቀን 2012 ባወጣው ዊንዶውስ 8 ወደ ጠረጴዛ ኮምፒዩተር አመጣው። ከስክሪኑ ግርጌ በስተግራ የነበረውን፣ ሰው ከ1995 ጀምሮ የለመደውን «ስታርት» የተባለ ቁልፍም አነሣው። ሰው አብዝቶ አማረረ። በኦክቶበር 2013 የወጣው ዊንዶውስ 8.1 ቁልፉን መለሰ። ሆኖም ተጠቃሚው ቁልፉን ሲነካ የሚወጣው የድሮው ዝርዝር ሳይሆን ያው ባለሰሌዳው ስክሪን ነበር። ዝርዝሩ የተመለሰው በጁላይ 2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ነው። ደንበኛ «ቁልፌን መልሱ» ሲል የጠየቀው ቁልፉን ሳይሆን ቁልፉ የሚያደርስበትን ቦታ ነበር። ኩባንያው ቃሉን ሰማ፤ ጉዳዩን ግን ሳይሰማ ሁለት ዓመት ገደማ አባከነ።

ሳይሸጡ መጠየቅ

ከዚያ ወዲህ የመጡ ለውጦች ትምህርቱ በከፊል መያዙን ያሳያሉ። አፕል በጁን 2021 ባሳየው አሥራ አምስተኛው አይ.ኦ.ኤስ. የኢንተርኔት መፈለጊያውን የአድራሻ ሣጥን ከስክሪኑ አናት ወደ ግርጌ አወረደው። የሙከራ ቅጂውን የያዙ ሰዎች ተቃወሙ። ፕሮግራሙ በሴፕቴምበር ለሕዝብ ሲለቀቅ ንድፉ ተስተካክሎ ነበር። ሣጥኑን ወደ አናት መመለስ ለሚፈልግም ምርጫ ተሰጠው። ጭቅጭቁ ከገበያው በፊት ስላለቀ ብዙው ደንበኛ መኖሩን እንኳ አላወቀም።

በጁን 2025 ደግሞ አፕል እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ አዲስ ገጽታ አሳየ። በሥሩ ያለው ምስል እያሳበረ ጽሑፉን ለማንበብ ያስቸግራል የሚል ቅሬታ ወዲያው ተነሣ። በሙከራው ወራት መስተዋቱ አንዴ ደብዘዝ፣ አንዴ ጠራ እየተደረገ ሲመላለስ ከርሞ በሴፕቴምበር 15 ተለቀቀ። በኖቬምበር በወጣው እርማት ተጠቃሚው መስተዋቱ ጥርት ያለ ወይም ደፈን ያለ እንዲሆን ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ይህ የንባብ ቅሬታ ከ2013ቱ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ ይሏል። ዓይን ከፋሽን ጋር አይለወጥምና።

ጉግል በበኩሉ በሜይ 2025 የአንድሮይድን አዲስ ገጽታ ሲያስተዋውቅ ከ18,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው 46 ጥናቶች ማካሄዱን ገልጿል። በጥናቱ ሰዎቹን መልኩን ወደዱት ወይ ብሎ ከመጠየቅ አልፎ የሚፈልጉትን ቁልፍ በስንት ፍጥነት እንደሚያገኙት ለክቷል። ወሬው ላይ ያለው መለኪያ ስሜት ነው፤ ሥራው ላይ ያለው መለኪያ ጊዜና ስህተት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ሳይለካ የተለወጠ ገጽታ በገበያ መሐል ይፈታል።

ለነጋዴና ለባለሀብት

ትምህርቱ ለስልክ ኩባንያዎች ብቻ አይደለም። ደንበኞቹን በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ባንክ፣ ሒሳብ መያዣ ፕሮግራም የሚሸጥ ድርጅት፣ ስልክ የሚያስመጣ አስመጪ ሁሉ ይመለከተዋል። በተለይ የስክሪኑን ቋንቋ አንብቦ የማይረዳ ደንበኛ ቁልፉን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በቦታውና በቀለሙ ነው። «ከላይ ሦስተኛዋ፣ አረንጓዴዋ» ብሎ ለምዷል። ያቺ ቁልፍ በአንድ ሌሊት ቦታ ብትቀይር የሚመጣው መሰላቸት ብቻ አይሆንም። ገንዘብ ላልታሰበ ሰው ሊላክ ይችላል። ለዚህ ሰው የልማድ ጩኸትና የጉዳት ጩኸት አንድ ናቸው። ስለዚህ ቦታ ከመቀየሩ በፊት ማስታወቅ፣ የድሮውን ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ማቆየትና ገንዘብ የሚልከውን ቁልፍ በመጨረሻ መንካት ይበጃል።

ስለ አንድ ለውጥ ቅሬታ የሰማ የገበያ ሰው ሳይሸበርም ሳይንቅም አራት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

አንደኛ፤ ቅሬታው «አላማረኝም» ነው ወይስ «አልቻልኩም»? የመጀመሪያው ጊዜ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው እርማት ይፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላም ይሰማል? የመጀመሪያውን ሳምንት ወሬ ይዞ አክሲዮን የሚሸጥ ወይም ያስመጣውን ዕቃ በርካሽ የሚለቅ ሰው በልማድ ጩኸት ሊከስር ይችላል።

ሦስተኛ፤ ደንበኛው መውጫ አለው? መውጫ የሌለው ደንበኛ ዛሬ ቢቆይ አዲስ ስልክ በሚገዛበት ቀን ሒሳቡን ያወራርዳል።

አራተኛ፤ ኩባንያው ምን አረመ? የመጀመሪያው እርማት ቅሬታው የመጣበትን ጉዳይ ከነካ አመራሩ ደንበኛውን ያዳምጣል ማለት ነው። ቁልፉን መልሶ ዝርዝሩን ካስቀረ ግን ባለሀብቱ ቀጣዩን የሂሳብ መግለጫ በጥንቃቄ ቢያነብ ይሻለዋል።