የፍጥነት ሒሳብ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል ያገራችን ሰው። የፈሰሰው እህል ከሆነ ተለቅሞ ይገባል፤ መንገድ ላይ የፈሰሰ የሰው ደም ግን አይለቀምም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የመኪና አደጋን ስለሚያስቀሩ የአነዳድ ልማዶች በአጭሩ እንገልጻለን። ርዕሱን ያስመረጠን በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው።

ባለፈው የገና ዕረፍት አራት ሆነን በሚኒባስ ወደየቤተሰባችን ስንጓዝ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ መውረድ ጀመርን። ከዚያ እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቁልቁለቱና ጥምዝምዙ ላለፈበት ሁሉ የታወቀ ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ለቀቀው። አንዲት እናት «ኧረ ልጄ፣ ቀስ በል!» ቢሉት «አይዞዎት እማማ፣ መንገዱን በጨለማም አውቀዋለሁ» አላቸው። እኛስ? ዝም አልን። ብዙም ሳይቆይ የሚቃጠል ጎማ የመሰለ ሽታ አፈነን፤ ፍሬኑም ቢረገጥ አልይዝ እያለ ሄደ። ሾፌሩ ደንግጦ እንደምንም ማርሽ አስገባና፣ የእጅ ፍሬን ስቦ ሜዳ ቢጤ ላይ አቆመ። ከጎማዎቹ ሥር ጭስ ይወጣ ነበር።

ይህ ለምን ሆነ? ፍሬን መኪናን የሚያቆመው በሰበቃ ነው። ሰበቃ ደግሞ ሙቀትን ይፈጥራል። በረጅም ቁልቁለት ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ይግልና የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ማርሽ ውስጥ ያለን መኪና ግን ሞተሩ ራሱ ይዞ ያዘገየዋል። በመሆኑም ጥሩ ሾፌር ዳገቱን ሊወጣበት በሚችለው ከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ማርሹንም የሚቀይረው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሾፌር አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል እንበል። አስፋልቱ ደረቅ፣ ጎማውና ፍሬኑም ደህና ናቸው ብለን እናስላ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ደግሞ 9 ሜትር፤ በድምሩ 20 ሜትር። በ80 የሚሄደው በመጀመሪያዋ ሴኮንድ 22 ሜትር፣ ከዚያ 35 ሜትር፣ በድምሩ 57 ሜትር ይፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ መሆኑን ልብ ይሏል። መንገዱ ከረጠበ ወይም ጎማው ከተበላ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል።

ይህንን በኳስ ሜዳችን ላይ በሜትር ለክተን ድንጋይ እያስቀመጥን አየነው። አንድ ሕፃን ኳስ ተከትሎ ከመኪናው ፊት 21 ሜትር ላይ ብቅ አለ እንበል። በ40 የሚነዳው ሾፌር ሕፃኑ አጠገብ ሲደርስ ይቆማል። በ80 የሚነዳው ግን ሕፃኑ ዘንድ ሲደርስ እግሩ ገና ፍሬን አልረገጠም! ድንጋዮቹን እያየን ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ከዚህ በመነሳት ሾፌር ሊይዛቸው የሚገቡ ልማዶች የሚከተሉት ናቸው፦

1ኛ/ ከመነሳቱ በፊት ፍሬን፣ ጎማና መብራት ማየት፤
2ኛ/ ከፊት ካለው መኪና መራቅ። የፊተኛው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብሎ መቁጠር ነው። ቆጥሮ ሳይጨርስ ምሰሶው ጋ ከደረሰ ተጠግቷል ማለት ነው። በዝናብ ጊዜ ቆጠራው እጥፍ ይሁን፤
3ኛ/ በትምህርት ቤት፣ በገበያና ከብት በሚበዛበት ቦታ አስቀድሞ ፍጥነት መቀነስ፤
4ኛ/ ጠጥቶ፣ እንቅልፍ እየጣለው ወይም ስልክ እያነጋገረ አለመንዳት፤
5ኛ/ ቀበቶ ማሰርና ማሳሰር።

«ታዲያ ልንዘገይ ነው?» የሚል አይጠፋም። 30 ኪሎ ሜትር በ60 ሲነዳ 30 ደቂቃ፣ በ80 ሲነዳ 22 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ትርፉ 7 ደቂቃ ተኩል፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ ነው።

እኛ መኪና የለንም፤ ምን አገባን እንል ይሆናል። ያገባናል። ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት መንገድ ዳር ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሜትርና ድንጋይ ይዘን ይህን ሒሳብ ለልጆቹ በሜዳ ላይ እናሳያቸው። ከሁሉም በላይ፣ በመኪና ስንሳፈር እንደዚያ ቀን ዝም አንበል። እኚያ እናት ብቻቸውን ተናገሩና ቃላቸው ወደቀ። አራታችንም ብንደግፋቸው ኖሮ ሾፌሩ ይሰማ ነበር ብለን እናምናለን። በትሕትና «ወንድም፣ ማርሽ አስገባ፤ ቀስ በል» ማለት ነውር አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው!