የዋልካ መሬት ሳር ትንፋሽ ሲያጥረው

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ሳር ምን አገባው እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔ ግን የወረታ ልጅ ነኝ። በፎገራ ሜዳ ወተቱም፣ በሬውም፣ አጎቴ ለሠርግ የሚያከራየው ግቢም የቆሙት በሳር ላይ ነው። ስለዚህ ሳር ለምን እንደሚታመም፣ አፈሩን በመውጋትና የሞተውን ሳር በመቧጠጥ እንዴት እንደሚያገግም የማውቀውን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ አፈሩን እንወቀው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦር መስመር የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋን ያለውን ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች ለብዙ ዘመን ደለል እያመጡ ጣና ዳር አንጥፈውታል። አብዛኛው ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው፤ ዋልካ እንለዋለን። ዋልካ ክረምት ላይ ያብጥና ውሃ አላሳልፍ ይላል፤ በጋ ላይ ደግሞ ይኮማተርና እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ብዙ ሰው ይህን ስንጥቅ እንደ ጉዳት ያየዋል። እኔ ግን የመሬቱ አፍንጫ ነው ባይ ነኝ። አየር በእሱ ወደ ታች ይገባል፣ ከላይ የሚረግፈው ልል አፈር ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ የመጀመሪያው ዝናብም በዚያው ይሰርጋል። ዋልካ በየዓመቱ ራሱን ያርሳል ማለት ነው።

የግቢ ሳር ችግር ታዲያ እዚህ ላይ ይጀምራል። ለምለም እንዲሆን በጋውን ሙሉ ውሃ ስናጠጣው መሬቱን እንዳይሰነጠቅ ከለከልነው። በአጎቴ ግቢ ጥር ላይ የሚሆነውን ልንገራችሁ፦ ለሠርጉ ተብሎ ሳሩ በዋዜማው ውሃ ይጠጣል፤ በነጋታው ድንኳን ተተክሎ ሁለት መቶ ሰው ይጨፍርበታል። እርጥብ ሸክላ በተረገጠ ቁጥር ይጠቀጠቃል። አየር የሚያዘዋውሩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፈኑና ሥሩ ኦክስጅን ያጣል። ሳሩ ሲገረጣ "ውሃ ጠምቶት ነው" ተብሎ ይጨመርለታል፤ ይብሳል። ግቢው ካላማረ ደግሞ ተከራይ አይመጣም፤ ለአጎቴ ቤት ይህ የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነው እኮ።

መፍትሔው መውጋት ነው። የብረት መንሽም ይሠራል፤ ሸክላ ላይ ግን ድፍን ብረት የቀዳዳውን ጎን መልሶ ይጠቀጥቀዋል። የሚሻለው ክፍት ቱቦ ነው። አውራ ጣት የሚያህል የብረት ቧንቧ ጫፉን አስሞርዶ ብየዳ ቤት እጀታ ማስበየድ ይቻላል፤ ሲወጋ አፈሩን ይዞ ይወጣል። ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በቀዳዳና በቀዳዳ መሀል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። አፈሩን ጨብጣችሁ ስትለቁት ከተፈረፈረ ውጉ፤ እጃችሁ ላይ ከተለጠፈ ተዉት፣ የቀዳዳው ግድግዳ እንደተለሰነ ቤት ይሆንባችኋል። ሐምሌና ነሐሴ አይሞከርም። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጀማምር ወይም ውሃው ሸሽቶ ጥቅምት ሲገባ ጥሩ ነው።

ቀዳዳውን ከርብ ወንዝ በሚወጣ አሸዋና በበሰለ ኮምፖስት መሙላት ነው። አሸዋውን ከሸክላው ጋር ማቡካት ሌላ ነገር ነው፤ ትንሽ አሸዋ የገባበት ሸክላ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ወረታ ውስጥ በየሩዝ መፈልፈያው የሚከመረውን ገለፈትም ኮምፖስት ውስጥ መጨመር ይቻላል፣ ግን ቶሎ አይበሰብስም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

መቧጠጡ ቀላል ነው። ሰርዶ ሲያረጅ ከሥሩ በላይ የደረቀ ንጣፍ ያበጃል። ንጣፉ ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙ ካለፈ ውሃና አየር ስለሚያግድ በሬክ ጠንከር አድርጎ መንጨት ነው። ሰርዶ ከየአንጓው ስለሚያቆጠቁጥ አትዘኑለት።

ወደ ሜዳው ስንወጣ ነገሩ ይከብዳል። ሩዝ በደርግ ዘመን ከገባ ወዲህ የግጦሽ መሬቱ እየጠበበ ሄደ። በወተቷ የምትታወቀው የፎገራ ላም በተረፈው ወል መሬት ላይ ተጨናንቃ እርጥቡን ዋልካ ትረግጣለች፤ ልክ እንደ ሠርገኛው። ሳሩ ሲሳሳ አሜከላ ቦታውን ይይዛል፤ እሾሃም ስለሆነ ከብት አይነካውም። እዚያ ቧንቧ ይዞ የሚዞር የለም። አሜከላውን ዘር ሳይጥል ነቅሎ፣ መሬቱን ለአንድ ክረምት ከከብት መከለል ያስፈልጋል፤ በጋ ላይ ስንጥቁ የራሱን ሥራ ይሠራል። በዚያ ክረምት ከብቱ ምን ይብላ? ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሩዝ ገለባ በየቤቱ ይከመራል፤ ገለባ ብቻውን ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አይሰጥም። ስለዚህ መሬቱን በየተራ፣ ቁራጭ ቁራጩን መከለል የሚሻል ይመስለኛል።